ጅማ ላይ ሥራ ለምትፈልጉ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት እስከ ፕሮቤሽን

ጅማ ላይ ሥራ የሚፈልግ ሰው አግኝታችሁ ሁለት ደቂቃ ካወራችሁ "ዘመድ የለኝም ባክህ" ማለቱ አይቀርም። እኔም ተመርቄ ዓመት ከምናምን ስቀመጥ ዘፈኔ ይቺው ነበረች። አልዋሽም፣ በዘመድ የሚገባ አለ፣ አይተናል። ግን አሁን ቡና ላይ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ አስተዳደር ክፍል ነኝ፣ ማመልከቻ የሚደርሰው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እና ከዚህ ማዶ ሆኜ ሳየው "በዘመድ ገባ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ምን መሰላችሁ፣ ሥራ አስኪያጁ "እስኪ የምታውቁት ልጅ አለ?" ብሎ ይጠይቃል፣ ሚዛን ላይ ያለው ሰውዬ "ዓምና ቡና ሲገባ መዝጋቢ የነበረችው ልጅ ጠንቃቃ ናት" ይላል፣ ልጅቷ ትጠራለች በቃ። ሰውዬው አጎቷ አይደለም፣ ስትሠራ ያያት ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱን ዘመድ ማንም ማፍራት ይችላል፣ ከዚህ በታች የምጽፈውም እሱን እንዴት እንደምታፈሩና ስትጠሩ ደግሞ ወረቀታችሁ ተዘጋጅቶ እንዴት እንደሚጠብቅ ነው።

ከወረቀቱ ልጀምር፣ አሰልቺ ነው ግን ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ቴምፖራሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ ፋይዳ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ እነዚህን አንድ ላይ ዘርግታችሁ ስማችሁን አስተያዩት። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት ፋይዳው ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ የአያት ስምም አንዱ ላይ አለ ሌላው ላይ የለም። ሥራ ካገኛችሁ በኋላ ባንክ ደብተርና ጡረታ ሲከፈት ይሄ ነገር ሳምንት ያመላልሳችኋል፣ አሁን ጊዜ እያላችሁ አስተካክሉት። ሲቪ ላይ የምትጽፉት ስም ዲግሪው ላይ ያለው ይሁን፣ ከነፊደሉ።

ሁለተኛ ዓመተ ምህረት። አንድ ልጅ ሲቪው ላይ "የተመረቅኩት 2015" ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ፣ በኛ አቆጣጠር መሆኑን የሚገልጽ ነገር የለውም፣ ሲቪው አዲስ አበባ ሄደና እዛ ያነበበው ሰው በፈረንጅ መስሎት "ይሄን ሁሉ ዓመት የት ነበር?" አለኝ። ልጁ እኮ 2015 ላይ የመውጫ ፈተና ከተፈተኑት ከመጀመሪያዎቹ ነው፣ በፈረንጅ 2023 መሆኑ ነው፣ ስምንት ዓመት ቤት የተቀመጠ አስመሰለው። በእንግሊዝኛ ሲቪ ስትጽፉ ወይ ሁሉንም በፈረንጅ አድርጉ ወይ የኛ መሆኑን አጠገቡ ጻፉ፣ አታደባልቁ።

ከዛ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ሄዳችሁ ሁሉንም አስቃኙና በአንድ ፒዲኤፍ አድርጉት፣ የፋይሉ ስም የናንተ ስም ይሁን። በቀን ስንት "ስካን 0001" የሚል ፋይል እንደሚደርሰኝ ብነግራችሁ፣ የማን እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ መክፈት አለብኝ፣ ሲመሽ ደግሞ አልከፍተውም። ፍላሽ ላይ ብቻ አታስቀምጡት ቫይረስ ይበላዋል፣ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት ሁሌም ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ዋናውን ወረቀት ይዛችሁ ስትዞሩ ደግሞ ክላሰሩ ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ይሁን፣ የጅማ ዝናብ መቼ እንደሚመጣ ተናግሮ አይመጣም።

ሲቪ ሁለት ገጽ ይበቃል። ሃይማኖት፣ የአባት ሥራ፣ ቁመት፣ "በትርፍ ጊዜዬ ፊልም አያለሁ" ይውጣ። "ዓላማዬ እውቀቴን ተጠቅሜ ለድርጅቱ እድገት" የምትለዋንም ማንም አያነባትም፣ ሁሉም ሲቪ ላይ ያለችው ያችው ናት። በሷ ፋንታ የሠራችሁትን ጻፉ። "ልምድ የለኝም" እንዳትሉኝ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ልምድ የለኝም ሲል ይገርመኛል፣ ሲቢቲፒ፣ ያ ማህበረሰቡ ውስጥ ወርዳችሁ የተማራችሁት የተግባር ትምህርት፣ ምን ነበር ታዲያ? ቀበሌ ወርዳችሁ ቤት ለቤት እየዞራችሁ መረጃ ሰብስባችኋል፣ ከቀበሌ ሊቀመንበር ጋር ተነጋግራችኋል፣ መረጃውን አጠናቅራችሁ ፕረዘንት አድርጋችኋል። የጤና ልጆች ደግሞ ቲቲፒ የሚባለው የቡድን ሥልጠና ወጥታችሁ ጤና ጣቢያ ላይ በቡድን ሠርታችኋል። የት ቀበሌ፣ ስንት አባወራ፣ እናንተ በቡድኑ ውስጥ ምን ነበራችሁ፣ ሁለት መስመር ጻፉ። "የቡድኑ ጸሐፊ ነበርኩ፣ የሁሉንም መጠይቅ አርሜ ኤክሴል ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ" የሚል ሰው እኔ ጋ ከመጣ ጠርቼ አናግረዋለሁ።

ቋንቋ ላይ እውነቱን ጻፉ። ኦሮምኛ እየተናገሩ ያደጉ ግን በቁቤ አንድ ደብዳቤ መጻፍ የማይችሉ ብዙ ልጆች አሉ፣ አማርኛ ትምህርት ቤት ስለተማሩ ነው። የዞንና የከተማው መሥሪያ ቤቶች ሥራቸው በኦሮምኛ ነው፣ ፈተናውም እንደዛው፣ ስለዚህ መናገር መቻል አያሳልፋችሁም። በየቀኑ አንድ ማመልከቻ በኦሮምኛ ጽፋችሁ ለሚችል ሰው አሳዩ፣ ወር ሁለት ወር ብትሠሩበት ለውጡን ታዩታላችሁ።

የት ነው የሚፈለገው ከተባለ፣ ቴሌግራም ቻናሎቹን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን ሁሉም እዛው ስለተሰበሰበ እናንተም ከሺህ አንዱ ናችሁ። ሪፖርተር ረቡዕና እሁድ ይወጣል፣ አዲስ ዘመንም አለ፣ ጋዜጣውን የሚገዛ ሰው ፈልጋችሁ ማየት ነው። ከዛ በእግር፦ የዞኑ፣ የከተማው፣ የዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የባንኮቹ ዲስትሪክት ቢሮ፣ በ2011 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ በር። ሰሌዳ ላይ ያያችሁትን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ "ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት" የሚለውን ቁጠሩ፣ የወጣበትን ቀን ሳታዩ ቁጠራ አትጀምሩ፣ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት ደግሞ መዝገብ ቤት ሰልፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። ቡና። ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ እሸት ቡና በሚገዛበት ሰሞን ጎማ፣ ሊሙ፣ ጌራ፣ ማና ያሉት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሰው ይፈልጋሉ፣ ሚዛን ላይ መዝጋቢ፣ ገንዘብ ከፋይ፣ ተቆጣጣሪ። ሁለት ሦስት ወር ብቻ ነው፣ ጭቃ አለው፣ ማታ አምስት ሰዓት ድረስ የሚቆይበት ቀን አለ። የኛ ልጆች "ዲግሪ ይዤ እሸት ቡና ልመዝን?" ይላሉ። አዎ መዝን! ገበሬው ቆሞ እያየህ ኪሎ አንብበህ፣ አባዝተህ፣ ሳትሳሳት ጽፈህ ሰጥተህ ማታ ሒሳቡ ከገንዘቡ ጋር ከገጠመ፣ በዛ ሦስት ወር ውስጥ ቢያንስ ሦስት አቅራቢ፣ አንድ የማህበር ሥራ አስኪያጅ፣ አንድ ላኪ ድርጅት ስምህን ያውቃል። መጀመሪያ ያልኳችሁ ዘመድ የሚገኘው እንደዚህ ነው። ግን ጥቅምት ላይ ከሄዳችሁ ሰው ተይዟል፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ሄዳችሁ ስልካችሁን ስጡ። ፈረሱላ 17 ኪሎ እንደሆነ፣ እሸት የተለቀመው ቀዩ፣ ጀንፈል ደግሞ ከነገለባው የደረቀው እንደሆነ ሳታውቁ ግን አትሂዱ፣ ገበሬው ይስቅባችኋል፣ ልክም ነው።

ስለ አጭበርባሪ አጭር ነገር፦ "ለፎርም"፣ "ለስልጠና"፣ "ለሜዲካል" እያለ በሞባይል ብር አስገቡ የሚል፣ ወይም ስልካችሁ ላይ የመጣውን ኮድ ንገሩኝ የሚል ቀጣሪ የለም። ዝጉት።

ኢንተርቪው ተጠራችሁ እንበል። የኔን ላውራችሁ። በመልእክት "ሐሙስ 9:00" የሚል መጣልኝ፣ እኔ ከሰዓት ዘጠኝ ነው ብዬ ጸጉሬን ተስተካክዬ፣ አጂፕ ሰፈር ጫማዬን አስጠርጌ፣ በባጃጅ ስደርስ ዘበኛው "ጠዋት እኮ አለቀ ልጄ" አሉኝ። በፈረንጅ ሰዓት ነበር፣ ጠዋት ሦስት። ቆሜ ቀረሁ። ከዛ ወዲህ የማልተወው ነገር፣ ቀጠሮ እንደደረሰኝ እደውልና "አመሰግናለሁ፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው አይደል?" እላለሁ። ጠዋት ወይ ከሰዓት የሚለውን ቃል ራሳችሁ አስገቡት፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የማታውቁት ቁጥር ሲደወል ደግሞ "ማነው!" አትበሉ። ሥራ ፈላጊ ናችሁ፣ ማንም ሊሆን ይችላል። "ሄሎ ጤና ይስጥልኝ፣ ማን ልበል?" በቃ። ባጃጅ ውስጥ ከሆናችሁና ካልተሰማችሁ "ይቅርታ መንገድ ላይ ነኝ፣ በአምስት ደቂቃ ልደውል" ብላችሁ በርግጥም በአምስት ደቂቃ ደውሉ።

ልብስ፦ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ንጹህ ጫማ። ሱፍ ተበድራችሁ ትከሻው ወርዶባችሁ አትምጡ። ክረምት ከሆነ ጭቃውን አስቡትና ቀደም ብላችሁ ደርሳችሁ ሊስትሮ ጋ ቁጭ በሉ፣ የሚያረጋጋም ነገር አለው።

ከበር ጀምሮ ሰላምታ ስጡ። ዘበኛውን "ጋሼ እንዴት አደሩ"፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆኑ "አካም ቡልተን"። ውስጥ ያሉትን በአቶና በወይዘሮ፣ በኦሮምኛ ከሆነ በኦቦና በአዴ፣ ቁጭ በሉ እስክትባሉ ቆማችሁ ጠብቁ። ይሄ የድሮ ነገር የሚመስለው አለ፣ ግን እኛ ጋ ዘበኛው ሻይ ሲጠጡ "ያች ልጅ ጨዋ ናት" ካሉ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ይደርሳል።

"እስኪ ስለራስህ ንገረን" ሲባል ከተወለድክበት ወረዳና ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትህ አትጀምር። የሚጠይቁህ ይሄን ሥራ ትችላለህ ወይ ነው። "አካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፣ ዓምና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ የግዢ ክፍያ እመዘግብ ነበር፣ ማታ ማታ ሒሳብ የምዘጋው እኔ ነበርኩ፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር እየተለማመድኩ ነው ገና ጎበዝ አይደለሁም" ካልክ አንድ ደቂቃ አልሞላም፣ በቂ ነው። ያቺ "ገና ጎበዝ አይደለሁም" የምትለዋ አትፍሯት። ኤክሴል እችላለሁ ያለውን ሁሉ እኔ ላፕቶፑን አዙሬ "እስኪ ይቺን ደምርልኝ" እለዋለሁ፣ ካልኩሌተር ያወጣ አለ። "ምን መሥራት ትችያለሽ?" ሲባል "ምንም ቢሆን እሠራለሁ" ማለትም አይጠቅምም፣ ችግራችሁ ይገባኛል፣ ግን ሰሚው የት እንደሚያስቀምጣችሁ አያውቅም።

"ደመወዝ በስምምነት" የሚል ማስታወቂያ ከሆነ ስንት እንደምትሉ ቤት አስባችሁ ሂዱ። ያው ሥራ የሚሠራ ሰው ሌላ ቦታ ስንት እንደሚያገኝ ሁለት ሰው ጠይቁ። ቁጥር ሲጠሯችሁ "ግሮስ ነው ኔት?" በሉ፣ ሳይቆረጥ ነው ወይስ ተቆርጦ እጅ የሚገባው ማለት ነው፣ ምክንያቱም የሥራ ግብር አለ፣ ለጡረታ ከናንተ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ድርጅቱ ደግሞ ከራሱ 11 ይጨምራል። ጡረታ የማያስገባላችሁ ቀጣሪ "ኔት እሰጥሃለሁ" ሲል ደስ እንዳይላችሁ።

ገንዘብ ወይም ንብረት የምትይዙበት ሥራ ከሆነ ዋስ ይጠየቃል፣ ዋሱ ደግሞ ተቀጥሮ የሚሠራ ሆኖ ከመሥሪያ ቤቱ ደሞዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ማምጣት አለበት። አልፋችሁ ዋስ አጥታችሁ ተጠባባቂው ሲገባ ማየት ያማል፣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሥራ መፈለግ ስትጀምሩ ያኔውኑ አንድ ሰው አነጋግሩ፣ ለሌላ ሰው ዋስ ሆኖ እንደሆነም ጠይቁት።

በግል ድርጅት ተቀጠራችሁ እንበል። ውል በጽሑፍ ጠይቁ፣ አንድ ቅጂ እጃችሁ ላይ ይኑር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011 የሚባለው፣ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ መግለጫ ሊሰጣችሁ ይገባል። የሙከራ ጊዜ፣ ፕሮቤሽን የሚባለው፣ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ እሱም በጽሑፍ መሆን አለበት፣ በዛ ውስጥ ካልተመቻችኋቸው ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላሉ። ስለዚህ እነዛን 60 ቀናት ተጠንቀቁባቸው።

ሰዓት። በጽሑፍ እየተነገራችሁ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ካረፈዳችሁ ሕጉ ራሱ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብታል። "ዝናብ ነበር" ጅማ ላይ ምክንያት አይሆንም፣ አለቃውም በዛው ዝናብ ነው የመጣው። ለቅሶም እንደዛው። ለትዳር ጓደኛና ለቅርብ ዘመድ ሞት ከነደሞዝ ሦስት የሥራ ቀን አለ፣ የጎረቤት ግን የለበትም፣ የሰፈር እድር ሁሉ ቀብር ላይ እንደምትገኙ አውቃለሁ፣ ግን አስፈቅዳችሁ፣ ሥራችሁን ለማን እንደሰጣችሁ ተናግራችሁ ሂዱ እንጂ ጠፍታችሁ በማግስቱ "ለቅሶ ነበረብኝ" አይባልም።

ፊርማ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም አቃጥሎኛል። መጀመሪያ የተቀጠርኩበት መጋዘን፣ ስሙን ልተወው፣ መኪና ማታ ገባና አለቃዬ "ቡናው ተቆጥሯል፣ ፈርምና ሹፌሩ ይሂድ" አለኝ። አዲስ ነኝ፣ እንቢ ማለት ነውር መሰለኝ፣ ፈረምኩ። በማግስቱ ሲቆጠር አራት ጆንያ ጎደለ። ፊርማው የኔ ነው። የደሞዜን ግማሽ ለወራት ቆረጡ፣ ከወር ደሞዝ ከሲሶ በላይ መቁረጥ በሕግ እንደማይፈቀድ እንኳ አላውቅም ነበር፣ ዝም ብዬ ተበላሁ። አሁን ለአዲስ ገቢ ሁሉ የምለው፣ ሳትቆጥሩ አትፈርሙ። እንዴት ይባላል ካላችሁ፣ አለቃን ሳታስቀይሙ፦ "እሺ ጋሼ፣ አሁኑኑ ቆጥሬ እፈርማለሁ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም"። እንቢ አላላችሁም እኮ፣ እሺ ነው ያላችሁት። በጣም ከገፋ "ሳይቆጠር የተረከብኩ" ብላችሁ ከፊርማው በላይ ጻፉ፣ ያቺን ሲያይ ራሱ ቁጠር ይላችኋል።

ከተሳሳታችሁ ደግሞ ሳይደረስባችሁ ተናገሩ። "ትናንት የላክሁት ሪፖርት ላይ የሊሙን ቁጥር ሁለቴ ደምሬዋለሁ፣ ያስተካከልኩት ይኸው፣ ይቅርታ" ማለት አንድ ደቂቃ ነው። ሰው ስህተት ይሠራል፣ የደበቀ ግን ከዛ በኋላ ትክክል ሲሠራም አይታመንም።

አለቃን "አንተ በለኝ" እስኪል እርስዎ በሉ፣ በዕድሜ ቢያንሳችሁም። የቢሮ ቡና ላይ ጠጡ ተጫወቱ፣ የሰው ስም ሲነሳ ግን ስኒያችሁን ይዛችሁ ተነሱ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ "እሱ እንዲህ አለ" ተብሎ የሚዞረው ዝም ብሎ የሰማው ሰው ስም ነው። በፕሮቤሽን ብር አትበደሩ። ዓርብ ቀትር ላይ ስብሰባ አትጥሩ ጁምዓ ነው፣ በረመዳን የሚጾመውን ባልደረባ "ትንሽ ቅመስ" እያላችሁ አትቀልዱበት፣ ዓቢይ ጾም ላይም እንደዛው። የሥራ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የመልካም ጠዋት አበባ አትላኩ፣ ትእዛዝ ሲመጣ ግን "ደርሶኛል፣ እስከ ስምንት ሰዓት አደርሳለሁ" ብላችሁ መልሱ፣ አይቶ ዝም ያለ ሰው አለቃን እንዴት እንደሚያናድድ አትጠይቁኝ።

የተሻለ ነገር አግኝታችሁ ስትወጡ ደግሞ ፕሮቤሽን ካለፋችሁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ አስገቡ፣ ቀን ያለው ማህተም ቅጂው ላይ አስመቱ። ክሊራንስ ጨርሱ፣ ቁልፉን ሌላው ቀርቶ ስቴፕለሩን በፊርማ አስረክቡ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስትቀበሉ ከበር ሳትወጡ አንብቡት፦ ስም፣ የሥራ መደብ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ደሞዝ፣ እና የሥራ ግብር ይከፈል እንደነበር የሚል መስመር። ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ያቺ መስመር ከሌለችበት ብዙ መሥሪያ ቤት አይቆጥረውም፣ ከዓመት በኋላ ተመልሳችሁ ስትሄዱ ደግሞ ያ ኤችአር ለቋል፣ ፋይላችሁም የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።